ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፤ የመርሐቤቴው ደራሲና የሂስ ሚዛናችን



ስለ ሥነ ጽሑፍ ሂስ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጡት የባሕር ማዶ ስሞች ናቸው። ስለ ተውኔት ስንነጋገር አርስቶትልንና ሼክስፒርን፣ ስለ ልብ ወለድ ስንነጋገር ቶልስቶይንና ዲክንስን እንጠራለን። መጥራታችን ተገቢ ነው፤ የዓለም ሕዝብ የጋራ ሀብት ናቸውና። ይሁን እንጂ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ መጥተን በአንድ ክፍል የተቀመጥን ሠልጣኞች፣ ከጓሯችን የበቀለውን ሰው ሳናውቅ ብንቀር ያስተዛዝበናል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሕይወት ባጭሩ እንተርካለን። እግረ መንገዳችንንም ድርሰቶቻቸውን በምን ሚዛን መመዘን እንደሚገባን አብረን እንመረምራለን።

በኅሩይ ላይ ገና ያልተቋጨ ክርክር አለ። አንዳንዱ የዘመናዊ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ መሥራች ይላቸዋል። ሌላው ደግሞ መካሪና ሰባኪ ናቸው፤ የልብ ወለድ ጥበብ አልገባቸውም ብሎ ያልፋቸዋል። ታዲያ ነገ ክፍል ገብተን ተማሪ ቢጠይቀን የትኛውን ልንመልስ ነው?

ከደን እስከ እንጦጦ

ኅሩይ የተወለዱት ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐቤቴ፣ ደን በተባለው ስፍራ ነው። መርሐቤቴ በጀማና በወንጪት ወንዞች ሸለቆ የተከበበ አገር መሆኑን ለአብዛኞቻችን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በዚያን ጊዜ የአስኳላ ትምህርት በአካባቢው ቀርቶ በአዲስ አበባም አልነበረም፤ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንኳ የተከፈተው ኅሩይ ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ነው። ስለዚህ እንደ ዘመኑ ልጆች ሁሉ የተማሩት በቤተ ክርስቲያን ነው። በኋላም ወደ እንጦጦ ራጉኤል መጥተው ትምህርታቸውን አስፋፉ፤ እንግሊዝኛም ተማሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የሂስ ትምህርት ከውጭ የመጣ እንግዳ ዕቃ የሚመስለን ካለን የቅኔ ቤትን እናስታውስ። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል። መምህሩም ቤቱ መምታቱን፣ ዜማው አለመስበሩን፣ የግእዙ አገባብ መቃናቱን፣ የተጠቀሰው ታሪክ ከቦታው መግባቱን፣ ሰሙ ወርቁን ተሸክሞ መሄዱን አንድ በአንድ ይመረምራል። ያልቀናውን በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ሚዛኑ የታወቀ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ የተስፋፋው አዲሱ ሂስ የተባለው አመለካከት፣ ግጥምን ከደራሲው ሕይወት ለይቶ ቃል በቃል መመርመርን ሲያስተምር፣ የእኛ የቅኔ መምህራን ቃል በቃል መመርመሩን ከብዙ ዘመን በፊት ሲሠሩበት ኖረዋል። ልዩነቱ የእኛዎቹ በዓሉንና ቅኔው የተሰጠለትን ሰው ጭምር ማየታቸው ነው፤ ቅኔ ያለ አጋጣሚው ግማሹ ይጠፋልና።

ኅሩይ ይህን ሀብት አልረሱም። በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው መጽሐፈ ቅኔ በሚል ርእስ አሳተሙ። ቅኔ በባሕርዩ በቃል የሚነገርና ከአፍ ወጥቶ የሚበተን ነገር ነው። መጽሐፉ ባይታተም ኖሮ ስንቱ ከባለቤቶቹ ጋር አፈር ይገባ ነበር!

ሹመትና መንገድ

የኅሩይ ሕይወት በብዕር ብቻ አላለፈም። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለአምስተኛው ጆርጅ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ከተላከው መልእክተኛ ጋር ሄደዋል። የአዲስ አበባ ከንቲባ ሆነው ሠርተዋል፤ በልዩ ፍርድ ቤትም የውጭ አገር ሰዎችና የኢትዮጵያውያንን ክርክር ተመልክተዋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው ተጉዘዋል። ከ1923 እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ሲመለሱ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ያቺ የምሥራቅ አገር ባህሏን ሳትጥል እንዴት ሠለጠነች የሚለው ጥያቄ በዘመኑ የነበሩትን ምሁራን ሁሉ ያሳስብ ነበር፤ መጽሐፉም በኋላ ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሟል።

ይህን ሁሉ የመንግሥት ሥራ ተሸክመው ከሃያ በላይ መጻሕፍት ጽፈዋል። ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤትም አቋቁመዋል። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር አውጥተው አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው አወጡት። ዝርዝር ምን ያደርጋል የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ያለውን ሳያውቅ የሚፈርድ ሐያሲ ከብቱን ሳይቆጥር በረቱን እንደሚሸጥ ሰው ነው። የሂስ የመጀመሪያው ሥራ ማወቅና መመዝገብ ነው፤ ኅሩይም ከዚያ ጀመሩ።

ወዳጄ ልቤ ልብ ወለድ ነውን?

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ ነው። በኋላ ጦቢያ በሚል ስም የታወቀው ይኸው መጽሐፍ ነው፤ ልብ ወለድ የሚለው የዘርፉ ስምም ከእሱ ርእስ የመጣ ነው። ኅሩይ ወዳጄ ልቤን ያሳተሙት በ1915 ዓ.ም. ነው። እንደ ርእሱ ሁሉ ሰው ከገዛ ልቡ ጋር ስለ በጎና ስለ ክፉ ጠባይ የሚነጋገርበት ምሳሌያዊ ድርሰት ነው።

በዛሬው መለኪያ ከሄድን መጽሐፉ ብዙ ይጎድለዋል። ሴራው ልል ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ሥጋና ደም ከለበሱ ሰዎች ይልቅ የሐሳብ ተሸካሚዎች ናቸው፤ ምክሩም ከታሪኩ ይበዛል። ብዙ ሐያስያን ይህን ቆጥረው መዝገባቸውን ይዘጋሉ።

እኛ ግን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ጆን በንያን በ1678 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ያሳተመው የክርስቲያን ጉዞ ድርሰት ከኅሩይ በፊት ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ነበር፤ ወዳጄ ልቤም የእሱ ዝምድና እንዳለው የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። በበንያን ድርሰት ውስጥ ያሉት ሰዎችም የጠባይ ስም የተሸከሙ ናቸው። ሌላም እንጨምር፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የጻፈው ራሴላስ የተባለው ትረካ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሐሳብ ክርክር ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የቮልቴር ካንዲድም እንደዚሁ ገጸ ባሕርያቱን ለሐሳብ ሲል ያንከራትታል። እነዚህን የዓለም ሥነ ጽሑፍ ብለን ተቀብለን፣ ኅሩይን በዚያው ጥፋት ብንከስስ ሚዛናችን የተንጋደደ ይሆናል። ደግሞ የሚገርመው፣ የጆንሰንን ራሴላስ ከነጻነት በኋላ ወደ አማርኛ የመለሰው የኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ነው። አባትየው የጻፉበትን ዓይነት ልጅየው ከባሕር ማዶ አምጥቶ አሳየን ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው አንድ ሕግ አለ፤ ድርሰትን ከመፍረዳችን በፊት ዘሩን እንለይ። ጤፍን በባቄላ መስፈሪያ ሰፍሮ አነሰ ማለት ያስቃል። ምሳሌያዊ ትረካ በምሳሌያዊ ትረካ፣ ኑሮን አስመስሎ የሚስል ልብ ወለድ በራሱ ወገን ይለካ።

አዲስ ዓለምና የማኅበራዊ ሂስ ጥያቄ

ይህ ማለት ግን ኅሩይ ከሂስ በላይ ናቸው ማለት አይደለም። በ1923 ዓ.ም. ያወጡት የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ፣ በ1925 ዓ.ም. ያወጡት አዲስ ዓለም፣ ሁለቱም ወደ ኑሮ ይበልጥ የቀረቡ ናቸው። የመጀመሪያው የጋብቻን ልማድ ይነካል። የሁለተኛው ባለ ታሪክ አወቀ ይባላል፤ አውሮፓ ሄዶ ተምሮ ሲመለስ ከአገሩ ልማድ ጋር ይጋጫል። የድግሱ ብዛት፣ የተዝካሩ ወጪ፣ አዲስ ነገር ያመጣን ሰው በጥርጣሬ ማየቱ ሁሉ እዚያ አለ። ለዚህ ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ተዝካር ምን ያህል ቤት እንዳራቆተ ማስረዳት አያስፈልግም። ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ለዕዳ የሚሯሯጥ ቤተሰብ በየሰፈራችን ታይቷል።

በማኅበራዊ ሂስ ዓይን ስናይ ድርሰቱ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያን ተማሪና የመንግሥት ሹም የነበረ ሰው፣ የገዛ ወገኑን ልማድ በአደባባይ መንቀፉ ድፍረት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ዓይናቸው ያረፈው በልማድ ላይ ነው። ገበሬው ስለሚገፋበት የግብርና የመሬት ሥርዓት የሚያነሡት ጥያቄ ሚዛን አይደፋም። በእርሳቸው ዘመን ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው፣ ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ፣ የአገርን ድህነት ከኢኮኖሚ ሥር ነቅሰው ለማሳየት ሞክረዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ኅሩይ የት ላይ እንደቆሙ በግልጽ ያያል። ለዚህም ሹመታቸው ምክንያት ሳይሆን አልቀረም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም፤ የቤተ መንግሥት ሰው ቤተ መንግሥቱን ከሥሩ ሊነቅል አይነሣም።

ተውኔትንም ብናነሣ ነገሩ ይጠራል። በዚያው ዘመን ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ተረት ይዘው በጻፉት ፋቡላ ሹማምንቱን ቢነኩ፣ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ምሳሌ ለበስ ድርሰት መደበቂያም፣ መጋለጫም እንደሚሆን ከዚህ እንረዳለን። በኅሩይ እጅ ምሳሌው ልብን ለመምከር ዋለ፤ በተክለ ሐዋርያት እጅ ሹምን ለመንቀስ ዋለ። መሣሪያው አንድ፣ አቅጣጫው ሁለት።

የስደቱ መጨረሻ

ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር ኅሩይ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። የኢትዮጵያን ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸው ኅትመቱ በጦርነቱ ተቋረጠ። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሲኖሩ ቆይተው፣ የአገራቸውን ነጻነት ሳያዩ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. አረፉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት ነበር። በእንጦጦ ብርድ ግእዝ ያጠና የመርሐቤቴ ልጅ በሰው አገር ዝናብ ተቀበረ። አፅማቸው ወደ አገሩ የተመለሰው ጠላት ከወጣ በኋላ ነው።

ወደ ክፍል ስንገባ

ታዲያ በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ ምን መልስ አገኘን? ኅሩይ መካሪ ናቸው፤ ደራሲም ናቸው። ሁለቱን የሚያጣላቸው የእኛ ሚዛን ማነስ ነው። እንግዲህ መምህር ስንሆን፣ ኅሩይንም ሆነ ሼክስፒርን፣ የሰፈር ተረትንም ሆነ ትልቅ ልብ ወለድን ይዘን ስንገባ፣ ለተማሪዎቻችን እነዚህን ጥያቄዎች እናስለምድ፦

1ኛ. ድርሰቱ ከየትኛው ዘር ነው? ቅኔ፣ ተውኔት፣ ምሳሌያዊ ትረካ ወይስ ኑሮን የሚስል ልብ ወለድ?

2ኛ. ቃሉና ቅርጹ እንዴት ተሠርቷል? እንደ ቅኔ መምህር አንድ በአንድ እንፈትሸው።

3ኛ. ለማን፣ በምን ዘመን ተጻፈ? ደራሲው የተናገረውን ብቻ ሳይሆን ዝም ያለበትንም እንፈልግ።

4ኛ. ከሌላ አገር ምን ይመስለዋል? ማወዳደር ማን በለጠ ለማለት ሳይሆን ሁለቱንም አጥርቶ ለማየት ይሁን።

5ኛ. ዛሬ ለሚያነበው ልጅ ምን ይነግረዋል? ተማሪው መልሱን ከእኛ አፍ ጠብቆ ከሸመደደ ሂስ አልተማረም፤ ተከራክሮ ካገኘው ግን የራሱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማይስማማ አንባቢ እንደሚኖር እናምናለን። በተለይ የመርሐቤቴ ልጆች ኅሩይን አቃለላችሁብን፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ አጋነናችሁ ትሉ ይሆናል። ሁለታችሁም ወዳጄ ልቤንና አዲስ ዓለምን ፈልጋችሁ አንብቡና ሐሳባችሁን ጽፋችሁ አምጡ፤ ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ የሚለጠፍበት ቦታ አለን።