ከትምህርት ቤት የተባረረው የራጅ አባት

ከጥርባ ወጥቶ ሆስፒታል የደረሰ ሰው ራጅ ተነሣ ቢባል አይደናገርም። ራጅን ያገኘውን ሰው ሕይወት ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ቪልሄልም ሮንትገን በ1845 ጀርመን አገር ሌኔፕ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን ሆላንድ ነው። ዩትሬክት ከተማ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲማር አንድ ተማሪ አስተማሪያቸውን የሚያላግጥ ሥዕል ሣለ። ሮንትገን የሣለውን ልጅ እንዲያጋልጥ ቢጠየቅ እምቢ አለ፤ ተባረረ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ወረቀትም ሳይኖረው ቀረ። ነገ ክፍል የምንይዝ ዕጩ መምህራን እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን፤ ስለ አንዲት ሥዕል ስንት ነገር ሊጠፋ ነበር! ደግነቱ ያን ወረቀት ያልጠየቀው የዙሪክ ፖሊቴክኒክ በ1865 ተቀበለው። በ1869 ዶክተር ሆነ።

ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር ወረቀት በተሸፈነ የመስታወት ቱቦ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ፈንጠር ብሎ የተቀመጠ ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ ሲያበራ አየ። ከዚያ ወዲያ ሳምንታት ሙሉ ከቤተ ሙከራው አልተለየም። ዲሴምበር 22 የሚስቱን የበርታን እጅ አነሣ፤ አጥንቷ ከነቀለበቷ ታየ። ምንነቱን ስላላወቀ ጨረሩን ኤክስ አለው፣ ልክ በሒሳብ ያልታወቀውን እንደምንጠራው።

በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ፤ ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። በግኝቱም የባለቤትነት መብት አላወጣም። በ1923 ሙኒክ ሲሞት የገንዘብ መርከስ ጥሪቱን በልቶበት ነበር።

አንድ ነገር ግን አልሆነለትም። ማይክሮስኮፕ የሚያጎላው ብርሃንን በሌንስ ሰብስቦ ነው። ሮንትገንም ጨረሩን በሌንስ ለመሰብሰብ ሞክሮ ነበር፤ ጨረሩ ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ እያለፈ አስቸገረው፣ አይቻልም ብሎም ተወው። በ1948 አሜሪካ ውስጥ ኪርክፓትሪክና ባዬዝ ጎበጥ ባለ መስተዋት ላይ አጋድመው በመልቀቅ ሰበሰቡት። ዛሬ ረቂቅ ክብ መስመሮች በተቀረጹበት ዝርግ ሳህን ይሰበሰባል። በዚህ የሚሠሩ ማይክሮስኮፖች በአሥር የሚቆጠሩ ናኖሜትሮችን ይለያሉ፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን በ2000 አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን ሰላም፣ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ግረኖብል፣ ፈረንሳይ ሄዳ ራጅ ተነሣች። ይህኛው እንኳ እስከዚያ ድረስ አይረቅም፤ ቢሆንም ጥርሷ ሳይሰበር ቀን በቀን የጨመረችው የእድገት መስመር ተቆጠረ። በ2020 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ስትሞት ዕድሜዋ 861 ቀን ያህል ነበር።