ቻሪቲ አዳምስ ኧርሊ፦ ከጦር አዛዥነት ወደ ሕዝብ አገልግሎት

ሰውን በቆዳው ቀለም በሚለይ ሥርዓት ውስጥ እየኖሩ አገርን በታማኝነት ማገልገል፣ ልዩነቱን ግን አለመቀበል እንዴት ይቻላል? ለዚህ ጥያቄ በኑሯቸው መልስ የሰጡትን አሜሪካዊት የሌተና ኮሎኔል ቻሪቲ አዳምስ ኧርሊን ሕይወት ከዚህ በታች በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻሪቲ በ1918 በሰሜን ካሮላይና ተወልደው በደቡብ ካሮላይና፣ በኮሎምቢያ ከተማ አደጉ። አባታቸው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ እናታቸው መምህርት ነበሩ። በ1938 ከዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሒሳብ አስተማሩ። በ1942 አዲስ ወደ ተቋቋመው የሴቶች ረዳት ጦር ገብተው በዚያው ዓመት የመኮንንነት ማዕረግ የተቀበሉ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ።

በ1945 መጀመሪያ፣ በሻለቃነት ማዕረግ 855 ያህል ሴቶች ያገለገሉበትን 6888ኛውን የፖስታ ሻለቃ ጦር እየመሩ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ በርሚንግሃም ተሻገሩ። በዚያም ለወታደሮች የተላከ 17 ሚሊዮን ያህል ደብዳቤና ጥቅል ተከማችቶ ቆያቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች አንድ ዓይነት ስም ስለ ነበራቸው፣ ሴቶቹ እያንዳንዱን በመለያ ቁጥሩ እየለዩ በሦስት ፈረቃ ሌት ተቀን ሠሩ። ስድስት ወር የተመደበለትንም ሥራ በሦስት ወር ፈጸሙ።

ፈተናው ግን ከሥራው ብዛት ብቻ አልነበረም። ለጉብኝት የመጣ አንድ ጄኔራል የሌሊት ተረኞቹ በሰልፉ ላይ ባለመገኘታቸው ተቆጥቶ፣ አመራር የሚያሳያቸው ነጭ መቶ አለቃ እንደሚልክ ዛተ። ሻለቃዋም እርሳቸው በሕይወት እያሉ ይህ እንደማይሆን በቁርጥ ነገሩት። በጦር ፍርድ ቤት ሊከሳቸው ተነሥቶ ነበር፤ ክሱ ግን ሳይፈጸም ቀረ። ቀይ መስቀል ለጥቁር ሴት ወታደሮች በለንደን የተለየ ማረፊያ ባዘጋጀ ጊዜም ወታደሮቻቸው እንዳያርፉበት መከሩ፤ ሴቶቹም ተባበሯቸው።

በ1946 ከጦሩ ተሰናብተው በሥነ ልቡና ሁለተኛ ዲግሪ አገኙ። በ1949 ሐኪሙን ስታንሊ ኧርሊን አግብተው ከጥቂት ዓመታት የስዊዘርላንድ ቆይታ በኋላ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ በዴይተን ከተማ ኑሯቸውን መሠረቱ። በዚያም ሁለት ልጆች እያሳደጉ በከተማው የቤቶች ጉዳይ፣ በኮሌጅ ቦርድና በሌሎችም ማኅበራዊ ተቋማት አገለገሉ። በ1982 የጥቁር ወጣት መሪዎችን ለማፍራት የተጀመረውን ማሠልጠኛ ከመሠረቱት አንዷ ነበሩ። ቀድሞ አድልዎውን በተቃወሙት በቀይ መስቀል አመራርም ተቀምጠው ሠርተዋል።

በጥር 2002 በ83 ዓመታቸው ዐረፉ። ለሻለቃ ጦሩ በ2022 በሕግ የተወሰነው የአሜሪካ ምክር ቤት የወርቅ ሜዳይ የተሰጠው በ2025 ነው። እርሳቸው ግን ክብሩን ሳይጠብቁ ሥራቸውን ፈጽመዋል። በደልን እንቢ ማለትና ቂም አለመያዝ በአንድ ልብ ሊኖሩ እንደሚችሉ ከሕይወታቸው እንማራለን።