ቅዱስ ሎሬንሶ ሩዊዝ፤ የቢኖንዶው ጸሐፊ

በማኒላ ከተማ ከፓሲግ ወንዝ ማዶ ቢኖንዶ የሚባል ሰፈር አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከደቡብ ቻይና ሐር ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች በማኒላ በዝተው ነበር። የእስፓኝ ገዢዎች ያለ እነርሱ መኖር ባይችሉም አያምኗቸውም ነበርና ከቅጥሩ ውጪ፣ ፓሪያን በተባለ ስፍራ፣ ለይተው አስቀመጧቸው። ለተጠመቁት ግን ገዢው ሉዊስ ፔሬዝ ዳስማሪኛስ እ.ኤ.አ. በ1594 ቢኖንዶን ሰጣቸው፤ ዶሚኒካውያን አባቶችም እረኞቻቸው ሆኑ። አብዛኞቹ ያለ ሚስት የመጡ ስለ ነበሩ የአገሩን ተወላጆች አገቡ። ሆኖም ጥርጣሬው አልጠፋም፤ በ1603 በተነሣው ሁከት በማኒላ ዙሪያ ብዙ ሺህ ቻይናውያን ተገደሉ።

ሎሬንሶ በ1600 ገደማ ከቻይናዊ አባትና ከታጋሎግ እናት በቢኖንዶ ተወለደ። የሁለቱን ቋንቋ ከቤቱ፣ እስፓኝኛን ከዶሚኒካውያን ተማረ። በልጅነቱ በቅዳሴ አገልጋይነት፣ ካደገም በኋላ በጸሐፊነት ቁምስናውን አገለገለ፤ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ ነበር። በመቁጠሪያ ማኅበርም ገብቶ ነበር። አግብቶ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወለደ።

በ1636 አንድ እስፓኛዊ ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ። የቅይጥ ልጅ ከገዢዎቹ ዳኝነት ብዙ ተስፋ የሚያደርገው አልነበረምና አባቶች በመርከባቸው አሳፈሩት። እንግዲህ ሎሬንሶ ከሞት የሸሸ የቤተ ሰብ አባት እንጂ ሰማዕትነትን ፍለጋ የወጣ ሰባኪ አልነበረም። ሚስቱንና ልጆቹን ዳግመኛ አላያቸውም። መርከቡ የደረሰው በክርስቲያኖች ላይ ብርቱ ስደት በታወጀባት በጃፓን ግዛት፣ በኦኪናዋ ነበር። በዚያ ተይዘው ከአንድ ዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ በ1637 ወደ ናጋሳኪ ተወሰዱ።

ሥቃዩ በቀረበ ጊዜ ሎሬንሶ ፈራ። ሃይማኖቱን ቢክድ በሕይወት ይተዉት እንደ ሆነ በአስተርጓሚ በኩል ጠየቀ። ይህን አንዳንድ ተራኪዎች ያልፉታል፤ ለእኔ ግን ሊታለፍ የሚገባው አይመስለኝም፤ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍላችን የሚቀመጡት ልጆችም የሚፈሩ ናቸውና። ዳኞቹ ፊት ሲቆም ግን በእምነቱ ጸና። ከጉድጓድ ላይ ቁልቁል ተሰቅሎ በሴፕቴምበር መጨረሻ ዐረፈ። አብረውት ከተሠዉት መካከል አንዱ አልዓዛር የተባለ የኪዮቶ ለምጻም ነበር። ሥጋቸው ተቃጥሎ ዐመዱ ወደ ባሕር ተጣለ።

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981 በማኒላ ብፁዕ፣ በ1987 በሮም ቅዱስ ብለው አወጁት፤ ከፊሊፒንስ የመጀመሪያው ቅዱስ ነው። ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለባት የቢኖንዶ ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ በስሙ ትጠራለች።