ስድስቱም ሞቱ፤ ሐኪሙ ግን ሥራውን አላቆሙም
የዶክተር ዶናል ቶማስ የሕይወት ታሪክ

በ1957 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ተስፋ የሚሰጥ አይመስልም ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስድስት ጽኑ ሕሙማን ከሌላ ሰው አጥንት የተወሰደ መቅኔ በደም ሥራቸው በኩል ተሰጣቸው። ስድስቱም መቶ ቀን ሳይሞላ ሞቱ። ነገር ግን እኚሁ ሐኪም ከ33 ዓመት በኋላ በዚሁ ሥራ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኤድዋርድ ዶናል ቶማስ ማርች 15 ቀን 1920 በቴክሳስ ማርት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸውም ሐኪም ነበሩ። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ዶሮቲ ማርቲን ከምትባል የጋዜጠኝነት ተማሪ ጋር ተዋወቁ፤ በ1942ም ተጋቡ። ባለቤታቸው ዶቲ የጀመሩትን ጋዜጠኝነት ትተው የላቦራቶሪ ሙያ ተማሩና ዕድሜ ልካቸውን ከባላቸው ጎን ሠሩ። ዶናል ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1946 ተመረቁ።

ደም የሚሠራው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። በሉኪሚያ፣ ማለትም በደም ካንሰር ጊዜ፣ የታመሙ ሕዋሳት መቅኔውን ይወርሩታል። የዶክተር ቶማስ ሐሳብ ሲሰሙት ቀላል ነው። የታመሙትን ሕዋሳት በኃይለኛ ጨረር ማጥፋት፣ ከዚያም በጠፋው መቅኔ ፈንታ ከጤነኛ ሰው የተወሰደውን መስጠት ነው። በመቅኔው ውስጥ ያሉት ግንደ ሕዋሳት በደም ተጉዘው ራሳቸው ወደ አጥንት ይገባሉ፤ አዲስ ደምም መሥራት ይጀምራሉ።

ችግሩ ግን ከባድ ነበር። አንዳንድ ጊዜ የታማሚው ሰውነት መቅኔውን አልቀበልም ይላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እንግዳው መቅኔ የተቀበለውን ሰው ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል። በ1959 ሉኪሚያ የያዛት አንዲት ሕፃን ፍጹም ከምትመስላት መንትያ እኅቷ መቅኔ ተሰጣት። መቅኔው ያዘ፤ ሕፃኗም ተሻላት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሉኪሚያው ተመለሰ።

በ1960ዎቹ ብዙ ተመራማሪዎች ይህ ነገር አይሆንም ብለው ተዉት። ዶክተር ቶማስ አልተዉትም፤ ግን በሰው ላይ መሞከሩን ገታ አድርገው ወደ ውሾች ተመለሱ። በ1963 ወደ ሲያትል ሄደው ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት ደከሙ። በመጨረሻም መቅኔ ሰጪና ተቀባይ ውሾች በሕዋሳቸው ዓይነት ሲመሳሰሉና ጥቃቱን የሚገታ መድኃኒት ሲሰጥ ብዙዎቹ ረጅም ዕድሜ እንደሚኖሩ አረጋገጡ።

የሰውንም የሕዋስ ዓይነት በምርመራ ማወቅ ሲቻል፣ በ1969 ሉኪሚያ ለያዛቸው ሰዎች ከሚመሳሰሏቸው ወንድምና እኅት መቅኔ መስጠት ጀመሩ። አንድ ወንድም ወይም እኅት የመመሳሰል ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። በ1977 ሌላ ሕክምና ያልረዳቸውን የ100 ሕሙማን ውጤት አሳተሙ። ከመቶዎቹ 13ቱ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ተኩል ያለ ሉኪሚያ በሕይወት ነበሩ። ውድ አንባቢ፣ 13 ሰው ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ሌላ ተስፋ ያልነበራቸው ነበሩ። ከዚህ የተማሩት ሐኪሞች በሽታው ሳይጠና፣ በመድኃኒት ጋብ ባለበት ጊዜ ንቅለ ተከላውን ማድረግ ጀመሩ፤ የሚድነውም ሰው ቁጥር ከፍ አለ። በ1979 ደግሞ የሥጋ ዝምድና ከሌለው ሰው የተገኘ መቅኔ ለአንዲት የሉኪሚያ ታማሚ ሰጡ።

በ1990 ዶክተር ቶማስ የኩላሊት ንቅለ ተከላን ከጀመሩት ከዶክተር ጆሴፍ መሪ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ኦክቶበር 20 ቀን 2012 በ92 ዓመታቸው በሲያትል አረፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በዓለም ዙሪያ የተደረገው የግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ አንድ ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ዛሬ ግንደ ሕዋሱ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ከሰጪው ክንድ ደም ነው፤ ከዳሌ አጥንት ሲወሰድም የሰጪው መቅኔ በሳምንታት ውስጥ ይተካል። ያለ ሰጪ ግን ይህ ሕክምና የለም።

ዶቲ ባላቸውን ተከትለው በ2015 አረፉ። የሕሙማኑን ደም ሲመረምሩ፣ የባላቸውንም ጽሑፍ ሲያርሙ ኖረዋል። ባልደረቦቻቸው ዶናልን የመቅኔ ንቅለ ተከላ አባት፣ ዶቲን ደግሞ እናት ይሏቸው ነበር።