ሮበርት ባራኒ

ሮበርት ባራኒ (ሚያዝያ 15 ቀን 1868 ዓ.ም. – መጋቢት 30 ቀን 1928 ዓ.ም.፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 22 ቀን 1876 – ኤፕሪል 8 ቀን 1936) በቪየና፣ ኦስትሪያ-ሀንጋሪ የተወለደ የጆሮ ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። የሰውነት ሚዛን ከውስጠኛው ጆሮ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ በማጥናቱና የራስ ማዞርን ምንጭ ለመለየት የሚያስችሉ ቀላል ምርመራዎችን በማግኘቱ የ1914 የኖቤል ሽልማትን በፊዚዮሎጂ ወይም ሕክምና ዘርፍ አግኝቷል። ሽልማቱ ይፋ ሲሆን ባራኒ በሩሲያ የጦር ምርኮኞች ሰፈር ውስጥ ነበር። ሰው በዥዋዥዌ፣ በሚሽከረከር መጫወቻ ወይም በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለምን እንደሚያዞረው ዛሬ የሚሰጠው ማብራሪያ በከፊል በእርሱ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ባራኒ ከስድስት ልጆች መካከል የመጀመሪያው ነበር። አባቱ ከሀንጋሪ የመጣ አይሁዳዊ የእርሻ ይዞታ አስተዳዳሪ ሲሆን እናቱ ማሪያ ሆክ በፕራግ ከሚታወቅ የምሁር ቤተሰብ የተወለደች ነበረች። ባራኒ በልጅነቱ የአጥንት ሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ሕይወቱ ቢተርፍም አንዱ ጉልበቱ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሳይታጠፍ ቀረ። ወደ ሕክምና ሙያ እንዲያዘነብል ያደረገው ይህ ሕመም እንደሆነ ይነገራል። የደረቀው ጉልበቱ ግን ቴኒስ ከመጫወትና ተራራ ከመውጣት አላገደውም።

በቪየና ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1900 ተመረቀ። ከዚያም ወደ ጀርመን ሄዶ በፍራንክፈርት የውስጥ ደዌ ሕክምናን፣ በሃይደልበርግና በፍራይቡርግ ደግሞ የአእምሮና የነርቭ ሕክምናን ተማረ። ወደ ቪየና ተመልሶ በቀዶ ሕክምና ከሠራ በኋላ በ1903 በዝነኛው የጆሮ ሐኪም በአዳም ፖሊትዘር ክሊኒክ ተቀጠረ። የነርቭ፣ የቀዶ ሕክምናና የጆሮ ትምህርትን አጣምሮ መያዙ ለኋለኛው ሥራው ጠቅሞታል።

ከባራኒ በፊት የነበረው ዕውቀት

ውስጠኛው ጆሮ ከመስሚያው ክፍል ጎን ሦስት ቀጫጭን ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉት። ሦስቱም በተለያየ አቅጣጫ የተቀመጡ ስለሆኑ ራስ ወደየትም ቢዞር ቢያንስ አንዱ ይነካል። በውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ራስ መዞር ሲጀምር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀርና በቱቦው ውስጥ ያሉትን ስሱ የፀጉር ሕዋሳት ያጎብጣቸዋል። ሕዋሳቱም ለአንጎል መልእክት ይልካሉ። መዞሩ በአንድ ፍጥነት ሲቀጥል ፈሳሹ ቀስ በቀስ ከቱቦው እኩል ይዞርና መልእክቱ ይቆማል። ራስ በድንገት ሲቆም ግን ፈሳሹ ለጥቂት ጊዜ መፍሰሱን ስለሚቀጥል፣ የቆመው ሰው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የሚዞር ይመስለዋል። ልጆች ተሽከርክረው ሲቆሙ ምድር የምትዞርባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ዕውቀት የተገኘው በአንድ ሰው አይደለም። ፈረንሳዊው ፒየር ፍሉረንስ በ1820ዎቹ የእርግብ ጆሮ ቱቦዎችን ሲቆርጥ ወፎቹ መሽከርከርና መውደቅ እንደሚጀምሩ አየ። በዚያው ዘመን ቼኩ ያን ፑርኪንዬ ሰዎችን በማሽከርከር የዓይናቸውን እንቅስቃሴና የሚሰማቸውን ማዞር አጠና። በ1861 ፕሮስፐር ሜንየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ከባድ ራስ ማዞር ከአንጎል ብቻ ሳይሆን ከጆሮ ሕመምም ሊመጣ እንደሚችል አስረዳ። በ1870ዎቹ ደግሞ ኤርንስት ማክ፣ ዮሴፍ ብሮየርና አሌክሳንደር ክረም ብራውን የፈሳሹን ሚና በየግላቸው ገለጹ።

ሆኖም ይህ ሁሉ በአብዛኛው ከቤተ ሙከራ አልወጣም ነበር። ራሱን እያዞረው ወደ ክሊኒክ ለመጣ በሽተኛ ችግሩ በጆሮ ይሁን በአንጎል፣ በቀኝ ጆሮ ይሁን በግራ ለይቶ የሚያሳይ አስተማማኝ ዘዴ አልነበረም።

የውኃው ምርመራ

በፖሊትዘር ክሊኒክ የበሽተኞችን ጆሮ በውኃ ማጠብ የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር። ባራኒ ከታጠቡት ውስጥ ብዙዎቹ ማዞር እንደሚይዛቸው ተመለከተ። ዓይናቸውን ሲያይ ያለ ፈቃዳቸው ወደ አንድ ጎን ቀስ ብሎ እየሄደ በፍጥነት ወደ ሌላው ጎን ይመለስ ነበር። ይህ የዓይን መወዛወዝ በሕክምና ኒስታግመስ ይባላል። አንድ በሽተኛ ማዞሩ የሚይዘው ውኃው በደንብ ሳይሞቅ ሲቀር ብቻ እንደሆነ ነገረው። ባራኒ በሚቀጥለው ጊዜ ውኃውን ከመጠን በላይ ሞቅ ቢያደርገው በሽተኛው እንደገና ዞረበት፤ ዓይኑ ግን በዚህ ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ ይወዛወዝ ነበር። ውኃው ከሰውነት ሙቀት ጋር እኩል ሲሆን ምንም አይታይም።

ባራኒ ምክንያቱን ያገኘው ከመታጠቢያ ቤት የውኃ ማሞቂያ ነው። በማሞቂያው ውስጥ የሞቀው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ወደ ታች ይወርዳል። በጆሮ ቱቦ ያለው ፈሳሽም በአንድ ጎኑ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይወጣል፤ አንጎልም ይህን ፍሰት እንደ መዞር ይቆጥረዋል። ሐሳቡ ትክክል ከሆነ ራስ ሲገለበጥ የዓይኑ አቅጣጫም መገልበጥ አለበት። ባራኒ ይህን ሞክሮ እንደገመተው ሆኖ አገኘው። ውጤቱን በ1906 አሳተመ።

የዚህ ምርመራ ትልቁ ጥቅም እያንዳንዱን ጆሮ ለብቻው መፈተን ማስቻሉ ነው። ሰውን ማሽከርከር ሁለቱንም ጆሮዎች በአንድ ጊዜ ይቀሰቅሳል፤ ውኃ ግን የተጨመረበትን ጆሮ ብቻ ይነካል። ዓይኑ ካልተንቀሳቀሰ የዚያ ጆሮ የሚዛን ክፍል ሥራውን አቁሟል ማለት ነው። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት በዚያ ዘመን የጆሮ መግል ወደ ውስጠኛው ጆሮ፣ ከዚያም ወደ አንጎል ዘልቆ ሰው ይገድል ነበር። ስለዚህ የጉዳቱን ቦታ ቀድሞ ማወቅ ቀዶ ሕክምና ለመወሰን የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር።

ወንበሩና የጣት ምርመራው

ባራኒ የመሽከርከር ምርመራንም ሥርዓት አስያዘለት። በሽተኛው በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጦ በ20 ሴኮንድ ውስጥ 10 ጊዜ እንዲዞር ይደረግና በድንገት ይቆማል። ከዚያ ሐኪሙ የዓይኑ መወዛወዝ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይለካል። ወንበሩ እስከ ዛሬ በባራኒ ስም ይጠራል።

ሌላው ግኝቱ የጣት ምርመራ ነው። በሽተኛው ዓይኑን ጨፍኖ የሐኪሙን ጣት በጣቱ ይነካል፣ ክንዱን ዝቅ ያደርግና መልሶ ለመንካት ይሞክራል። ጤነኛ ሰው ያለ ችግር ይነካል፤ ከተሽከረከረ በኋላ ግን ወደ አንድ ጎን ይስታል። ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል የተጎዳበት ሰው የሚስተው በተለየ መንገድ ነው። በዚህም ባራኒ የጆሮን ሚዛን ከአንጎል ሥራ ጋር ለማያያዝ ቻለ። በ1909 በቪየና ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ በዚያው ዓመት ኢዳ በርገርን አገባ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ሦስቱም በሕክምናው መስክ ተሰማርተዋል።

ጦርነት፣ ምርኮና ሽልማት

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ባራኒ በፈቃዱ ወደ ኦስትሪያ-ሀንጋሪ ጦር ሐኪምነት ገባ። በዛሬዋ ፖላንድ በምትገኘው የፕሸሚሽል ምሽግ ራሳቸውን በጥይት የተመቱ ወታደሮችን ያክም ነበር። ቁስሉን በደንብ አጽድቶ ወዲያው መስፋት ኢንፌክሽንን እንደሚቀንስ በመገንዘቡ ይህን ዘዴ አስተዋወቀ። ምሽጉ ለረጅም ጊዜ ከተከበበ በኋላ በመጋቢት 1915 እጁን ሲሰጥ ባራኒ ተማረከ። ሩሲያውያን በዛሬዋ ቱርክመኒስታን ወደምትገኘው ወደ መርቭ ላኩት። በዚያ ወባ ያዘው። ሆኖም ሙያው ስለታወቀ ምርኮኞችንም የአገሬውንም ሰው እንዲያክም ተፈቀደለት።

የኖቤል ሽልማቱ ዜና የደረሰው በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ በ1915 ነበር። የስዊድኑ ልዑል ካርል በቀይ መስቀል ስም ባደረገው ልመና ባራኒ በ1916 ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ወደ ስቶክሆልም ሄዶ ሽልማቱን ተቀበለ።

የቪየናው ክርክርና ስደት

ባራኒ ወደ ቪየና ሲመለስ የጠበቀው አቀባበል አልገጠመውም። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቹ በጽሑፎቹ ውስጥ ከእርሱ በፊት የሠሩትን በበቂ ሁኔታ አልጠቀሰም፣ የሌሎችን ግኝት የራሱ አስመስሏል ብለው ከሰሱት። ስለ ቱቦዎቹ ፈሳሽ አስቀድመው የጻፉ ሊቃውንት እንደነበሩ እውነት ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ጆሮ ሲታጠብ ማዞር እንደሚመጣም ከእርሱ በፊት የታየ ነገር ነበር። የባራኒ ድርሻ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ ተቃራኒ ውጤት እንዳላቸው ማሳየቱ፣ ምክንያቱን በሙከራ ማረጋገጡና ምልከታውን በማንኛውም ክሊኒክ ሊሠራ ወደሚችል ምርመራ መለወጡ ነው። የስዊድን ሊቃውንት ተሟገቱለት፤ ሽልማቱም አልተነካም።

ክርክሩ ግን ባራኒን በጣም አሳዘነው። በ1917 በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበለትን ጥሪ ተቀብሎ ቪየናን ለቀቀ። በ1926 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። ቀሪ ሕይወቱን በኡፕሳላ በማስተማርና በምርምር አሳለፈ።

በ1921 ራሷን ወደ አንድ ጎን ስትጥል ብቻ ለአጭር ጊዜ የሚያዞራትን አንዲት ወጣት በሽተኛ ሁኔታ ገለጸ። ይህ ዛሬ በጣም ከሚታወቁት የማዞር ዓይነቶች የአንዱ የመጀመሪያ ግልጽ መግለጫ ተደርጎ ይቆጠራል። ሕመሙ የሚመጣው በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ወጥተው ወደ ቱቦዎቹ ሲገቡ ነው። አሁን ራስን በተወሰነ ቅደም ተከተል በማዞር ያለ መድኃኒት ይታከማል።

ባራኒ 60ኛ ልደቱ ሊከበር ሁለት ሳምንት ሲቀረው በኡፕሳላ አረፈ። ጊዜው የማይጨው ጦርነት ከተደረገ አንድ ሳምንት ያለፈበት ነበር።

በመዝናኛ ፓርክ መጫወቻዎችና በጉዞ ላይ የሚይዝ ማዞር

የሚሽከረከሩ መጫወቻዎች የባራኒን ወንበር ሥራ ይሠራሉ፤ ልዩነቱ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን መወርወሩ መጨመሩ ነው። ማቅለሽለሽ የሚመጣው በዋናነት ዓይን፣ ጆሮና ጡንቻ ለአንጎል የተለያየ ነገር ሲነግሩት ነው። በሊማሊሞ ወይም በአባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ስልኩን የሚያይ ተሳፋሪ ቶሎ የሚያቅለሸልሸውም ለዚህ ነው፦ ዓይኑ የቆመ ነገር ሲያይ ጆሮው መዞሩን ይናገራል። ሾፌሩ ግን መንገዱን እያየ መታጠፊያውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ብዙ ጊዜ አይታመምም።

ማዞሩን ለመቀነስ የሚከተሉት ይረዳሉ፦

• በጉዞ ላይ ሩቅ ያለና የማይንቀሳቀስ ነገርን ማየት፤ ማንበብና ስልክ ማየትን መተው።
• ራስን ከመቀመጫው መደገፊያ ጋር አስጠግቶ አለማወዛወዝ። ራስ እየዞረ ሳለ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ማዘንበል ማዞሩን ያብሰዋል።
• ከመሳፈር በፊት ከመጠን በላይ አለመብላት፤ በባዶ ሆድም አለመሆን።
• ከአንዱ መጫወቻ ወደ ሌላው ወዲያው አለመሄድ። ፈሳሹ ለመርጋት ጥቂት ሴኮንዶች ቢበቁትም ማቅለሽለሹ ግን ይቆያል።
• ከመጫወቻው ሲወርዱ የሚያዝ ነገር ይዞ ማዞሩ እስኪያልፍ መቆም ወይም መቀመጥ።
• ለጉዞ ማቅለሽለሽ የሚሰጡ ክኒኖች እንቅልፍ ስለሚያመጡ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ማማከር።

አንጎል በተደጋጋሚ ልምምድ ይለምዳል፤ መርከበኞችና አብራሪዎች ከጊዜ በኋላ የሚሻላቸው ለዚህ ነው። ነገር ግን ሳይሽከረከሩ የሚመጣ፣ የሚደጋገም፣ ወይም ከመስማት ችግር፣ ከጆሮ መጮኽ፣ ከከባድ ራስ ምታት፣ ከአንደበት መተሳሰር ወይም ከእጅና እግር መዛል ጋር የሚመጣ ማዞር የጨዋታ ማዞር ስላልሆነ ፈጥኖ መታየት አለበት።

ትሩፋት

የውኃው ምርመራ እስከ ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች ይሠራል። ከ1942 ጀምሮ የተለመደው ከሰውነት ሙቀት በ7 ዲግሪ ያነሰና በ7 ዲግሪ የበለጠ፣ ማለትም 30 እና 44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውኃ መጠቀም ነው። የባራኒ ወንበር አብራሪዎች በደመና ውስጥ የራሳቸው ስሜት እንዴት እንደሚያታልላቸው ለማስተማር ያገለግላል። በ1983 በስፔስላብ የጠፈር ጉዞ ላይ ምርመራው ክብደት በሌለበት ቦታ ተሞከረ። በዚያ ሙቅ ፈሳሽ ሊወጣ፣ ቀዝቃዛም ሊወርድ ስለማይችል ዓይን እንደማይወዛወዝ ተጠብቆ ነበር፤ ነገር ግን ተወዛወዘ። ስለዚህ የባራኒ ማብራሪያ ለምድር ቢሠራም ብቸኛው ምክንያት እንዳልሆነ ታወቀ።

በ1960 የማዞርና የሚዛን ተመራማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በስሙ ተመሠረተ። የባራኒ ማኅበር ዛሬም የማዞር በሽታዎችን መለያ መስፈርቶች ያወጣል።