የእህል ገበያውን የፈታው ሚኒስትር

አን ሮበር ዣክ ቱርጎ በ1727 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ (ከአንድ ቦታ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቤተሰቡ ቄስ እንዲሆን አስቦለት ሥነ መለኮት ተማረ፤ በኋላ ግን ሐሳቡን ለውጦ የመንግሥት ሥራ ውስጥ ገባ። ስለ ኢኮኖሚክስ ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን አዳም ስሚዝ ነው። ቱርጎ ግን የስሚዝ መጽሐፍ ከመውጣቱ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ሀብት አፈጣጠር ጽፎ ነበር።

በ1761 የሊሞዥ ክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ሆነ። ድሃ አገር ነው። ረሃብን በዓይኑ ያየው እዚያ ነው። በ1770 እና በ1771 አዝመራ ጠፍቶ ዋጋ ሲሰቀል፣ ባለመሬቶች የእኩል አራሾቻቸውን እያባረሩ ሸክማቸውን ማራገፍ ያዙ። ቱርጎ ይህን ከለከለ፤ እስከ መጪው አዝመራ አራሹን ባለመሬቱ ይያዝ ብሎ አዘዘ። ጉልበት ላለው የመንገድ ሥራ ከፈተ፣ ለሌለው በየአጥቢያው እርዳታ አስተባበረ። በእህል ነጋዴው ላይ ግን ዋጋ አልተመነም። ለምን ቢባል፣ ዋጋ ከተተመነ ነጋዴው እህሉን ይደብቃል፣ ካልተተመነ ግን እህል ወደ ተወደደበት ቦታ ራሱ ይሄዳል ብሎ ስለሚያምን ነው። እኛም አገር በ2003 ዓ.ም. በሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ወጥቶ፣ ዕቃ ከሱቅ መጥፋት ሲጀምር ከወራት በኋላ ከብዙዎቹ ላይ ተነስቷል። በዚህ በኩል ቱርጎ የዋዛ ሰው አልነበረም።

በ1774 ሉዊ 16ኛ ሲነግሥ ቱርጎ የገንዘብ ሚኒስትር ተደረገ። ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በመስከረም 13፣ በአገር ውስጥ የእህል ንግድን ነፃ የሚያደርግ አዋጅ አስወጣ። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ የዚያ ዓመት አዝመራ ክፉ ሆነ! በፓሪስ ሁለት ኪሎ የሚጠጋው ዳቦ በግንቦት 1775 14 ሱ ገባ። በደህናው ጊዜ እንኳ የደመወዙን ግማሽ ያህል ለዳቦ ለሚያወጣ የቀን ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ታሪክ የዱቄት ጦርነት የሚለው ሁከት ተነሳ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ300 በላይ ግርግሮች ተቆጥረዋል። እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ ቦታ ሕዝቡ ዝም ብሎ አልዘረፈም፤ እህሉን ይዞ ተገቢ ነው ያለውን ዋጋ እየከፈለ ነበር የሚወስደው።

ቱርጎ ነገሩን የጠላቶቹ ሴራ አድርጎ አየው። 25,000 ገደማ ወታደር ተሰማራ፤ ሁለት ሰዎች በአደባባይ ተሰቀሉ፣ አንደኛው ገና ልጅ እግር ነበር። እንደኔ እንደኔ ስህተቱ ገበያውን መፍታቱ አይደለም። በሊሞዥ እርዳታውና ነፃ ገበያው አብረው ነበር የሄዱት፤ እዚህ ግን ገበያው ቀደመ፣ የድሃው ኪስ ተረሳ። ዋጋ ከፍ ሲል እህል ይመጣል ማለት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እስኪመጣ ድረስ ግን ሆድ አይጠብቅም።

ከዚያ በኋላም ገበሬው ያለ ክፍያ መንገድ እንዲሠራ የሚያስገድደውን ልማድ ሻረ። መኳንንቱ በዚህ ጭራሽ ጥርስ ነከሱበት፤ በግንቦት 1776 ንጉሡ አሰናበተው። የመንገዱ ግዴታም በዚያው ክረምት ተመለሰ። በሁከቱ ሰሞን የእህል ነፃ ንግድን የሚነቅፍ መጽሐፍ ያሳተመው ኔከር በ1777 የፈረንሳይ ገንዘብ ኃላፊ ሆነ። ቱርጎ የቀረችውን ዕድሜውን ከመጻሕፍቱ ጋር አሳለፈ፤ ለረጅም ጊዜ ሲያሠቃየው በኖረው ሪህ ምክንያት በ1781፣ በ53 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ።