ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት እና የኒውዮርክ ወደብ ማመላለሻ ጀልባ

ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት በይበልጥ የሚታወቀው በባቡር ሐዲድ ባለሀብትነቱ ነው። በ1877 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ሲሞት የተወው ሀብት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይገመት ነበር። ይሁንና የንግድ ጠባዩ የተቀረጸው በባቡር ሳይሆን በኒውዮርክ ወደብ ሰውና ዕቃ በማሻገር ሥራ ነው። በሞኖፖሊ ላይ ያካሄደው ትግልም ከመርሕ ይልቅ የገበያ ስልት እንደ ነበር ከዚሁ ሥራ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ቫንደርቢልት በ1794 በስታተን ደሴት ተወለደ። አባቱ እርሻን ከጀልባ ሥራ ጋር አጣምሮ የሚኖር፣ የአካባቢውን ምርት ወደ ማንሃታን የሚያደርስ ሰው ነበር። ልጁ በ11 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ከአባቱ ጋር ውኃ ላይ ዋለ። በ1810፣ በ16 ዓመቱ፣ ጠፍጣፋ ሆድ ያላትን ባለ ሁለት ምሰሶ ሸራ ጀልባ ይዞ የራሱን የማመላለሻ ሥራ ጀመረ። ለመግዣ የሚሆነውን 100 ዶላር ያገኘው ድንጋያማ መሬት መንጥሮ ለማረስ ተስማምቶ ከእናቱ እንደ ሆነ ይተረካል፤ ትረካው ያማረ በመሆኑ ብቻ ጥንቃቄ ይሻል። ደሴቱን ከማንሃታን የሚለየው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ የሚሻገረው በነፋስ ኃይል ስለ ነበር፣ መንገደኛው የሚመርጠው በማዕበልም ሆነ በብርድ ከሥራ የማይቀረውን ጀልበኛ ነበር። ከብሪታንያ ጋር በተደረገው የ1812 ጦርነት ወቅት ለወደቡ ምሽጎች ስንቅ የማድረስ ሥራ ማግኘቱ ገቢውን አሳደገለት።

የሕይወቱ ዋና መታጠፊያ 1817 ነው። የኒውዮርክ ምክር ቤት በግዛቱ ውኃ ላይ የእንፋሎት ጀልባ የማንቀሳቀስ ብቸኛ መብት ለሮበርት ሊቪንግስተንና ለሮበርት ፉልተን ሰጥቶ ነበር። የቀድሞው የኒውጀርሲ ገዥ አሮን ኦግደን ከዚህ መብት ድርሻ በክፍያ ሲያገኝ፣ የቀድሞ ሸሪኩ ቶማስ ጊበንስ ግን በፌዴራል የባሕር ጠረፍ ንግድ ፈቃድ ብቻ ጀልባ አሰማራ። ቫንደርቢልት የራሱ ጌታ ሆኖ መቀጠል እየቻለ የጊበንስ ተቀጣሪ ካፒቴን መሆንን መረጠ። ምርጫው እንግዳ ቢመስልም የእንፋሎትን ቴክኖሎጂና የሕግን ሙግት በሌላ ሰው ገንዘብ እንዲማር አስችሎታል። ቤሎና የተባለችውን ጀልባ ከኒው ብራንስዊክ ወደ ኒውዮርክ እየነዳ፣ ሊይዙት ከሚመጡ የሕግ አስከባሪዎች እየተሰወረ፣ በዝቅተኛ ዋጋ መንገደኛ አጓጓዘ። ባለቤቱ ሶፊያ በበኩሏ ኒው ብራንስዊክ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ታስተዳድር ነበር። በ1824 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጊበንስና በኦግደን ክርክር የኒውዮርክን ሞኖፖሊ ሻረ፤ በግዛቶች መካከል የሚደረግን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን የኮንግረሱ እንደ ሆነም ወሰነ። የሕግ ታሪክ ውሳኔውን የሚያነሣው ከዳኛው ከጆን ማርሻልና ከጠበቃው ከዳንኤል ዌብስተር ስም ጋር ነው። ነገር ግን መሪውን ጨብጦ እገዳውን በየዕለቱ የሚጥስ ካፒቴን ባይኖር ኖሮ ክርክሩ ከወረቀት የዘለለ ጉልበት ባልኖረው ነበር።

ከ1829 ጀምሮ በራሱ የቆመው ቫንደርቢልት ከዚህ ድል የወሰደው ትምህርት ግን ነጻ ገበያን መጠበቅ አልነበረም። ነባር ኩባንያዎች ወዳሉበት መስመር ይገባል፤ ዋጋ ይሰብራል፤ ተፎካካሪው ሲጨነቅ ገንዘብ ተቀብሎ ይወጣል። በ1834 በሃድሰን ወንዝ ላይ የከፈተውን መስመር የሕዝብ መስመር ብሎ ሰየመው፤ ሞኖፖሊን ለመቃወም የቆመ መሆኑንም አስነገረ። ብዙ ሳይቆይ ነባሮቹ ባለጀልባዎች ከፍለውት ስፍራውን ለቀቀ፤ ዋጋውም ተመልሶ ናረ። እርግጥ ነው፣ ፉክክሩ በቆየባቸው ወራት ተሳፋሪው ተጠቅሟል፤ ሆኖም ጥቅሙ ከባለጀልባው ጥቅም ጋር እስከ ገጠመ ድረስ ብቻ የሚዘልቅ ነበር።

በ1838 ወደ ትውልድ ደሴቱ መስመር በባለቤትነት ተመለሰ። የስታተን ደሴትን የእንፋሎት ማመላለሻ በ1817 የጀመረው፣ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው ዳንኤል ቶምፕኪንስ ያቋቋመው ሪችመንድ ተርንፓይክ ኩባንያ ነበር፤ ቫንደርቢልት ይህን ኩባንያ በእጁ አስገባ። የደሴቱ ነዋሪ በ1850ዎቹ እየበዛ ሲሄድ በጀልባዎቹ ማርጀትና በጉዞ ሰዓቶች ማነስ ላይ የሚቀርበው ስሞታም በረከተ።

መስመሩ በኋላ ወንድሙ ጃኮብ ወደሚመራው የስታተን ደሴት ባቡር ኩባንያ ዞረ፤ ኮርኔሊየስም ሙሉ ትኩረቱን ለባቡር ሐዲድ ሰጠ። በሐምሌ 30 ቀን 1871 ዌስትፊልድ የተባለችው ጀልባ ማንሃታን ወደብ ላይ እንደ ቆመች ቦይለሯ ፈንድቶ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጃኮብ ቢታሰርም አልተፈረደበትም። በዚያን ጊዜ ኮርኔሊየስ የመስመሩ ኃላፊ ስላልነበረ አደጋውን በእርሱ ላይ ማላከክ አይገባም። አገልግሎቱ ግን ከዚያ በኋላም ለ34 ዓመታት በግል እጅ ቆይቶ፣ የኒውዮርክ ከተማ አስተዳደር የተረከበው በ1905 ነው።